ኤልቫ ክዌድ እና የኪንዳራ ሞተር ልክ

ሰው በሞተ ማግስት የሠፈሩ ስሕተት ሁሉ ባለቤት ያገኛል። የጠፋውን ቁልፍ የጣለው እሱ ነው፤ መሰላሉንም የሰበረው እሱ ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ሙት ሊወቅስ መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ቃሉን ስሰማ ኮቴን አንሥቼ መውጣት ነው የሚያምረኝ። ኤልቫ ክዌድ ግን ኮቷን አላነሣችም። ተቀምጣ ተሟገተች። ስለ እሷ እኔ ካልጻፍኩ ማንም አይጽፍም፤ በሲድኒ ታሪክ የሚጻፍለት ድልድይ የመረቀ ሰው ነው እንጂ ዕድሜ ልኩን በድልድዩ ሥር በመርከብ እየተሻገረ ሥራ ሲገባ የኖረ አይደለም። ይህ ያናድደኛል። ሆኖም ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለማመስገን ስለሆነ ንዴቴን በየመንገዱ ጣል ጣል እያደረግሁ እሄዳለሁ።

ኤልቫ የተወለደችው ባልሜይን ውስጥ፣ ቁልቁል ወርዶ መርከብ መቆሚያው ላይ በሚያልቅ መንገድ ነው። አባቷ የወደብ ጫኝና አራጋፊ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ወንዶቹ ሲዘምቱ እሷ ገና ጠጉሯን በሪባን የምታስር ልጅ ሆና ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ገባች። ሥራዋ አሸዋ ነበር። የቀለጠ ብረት ፈስሶ ሲሊንደር እንዲሆን ከተፈለገ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ እንዲቀር መሀሉ ላይ ከአሸዋና ከዘይት ተጠቅጥቆ የተጋገረ ድፍን ነገር መቀመጥ አለበት። ሴቶቹ እሱን ነበር የሚሠሩት፤ አሸዋውን በእንጨት ሳጥን እየጠቀጠቁ።

የእንጨት ሳጥኖቹንና ብረቱ የሚፈስበትን ቅርጽ የሚያዘጋጀው አናጢ ኦሲ ክዌድ ይባላል። ሙያው ተፈልጎ ከዘመቻ የቀረ፣ ክር የመሰለ ቀጭን፣ ንግግሩን አላምጦ የሚያወጣ ሰው ነበር። አንድ ቀን ኤልቫ ሳጥን ተሸክማ ወደ አናጢዎቹ ክፍል ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠማማ መሆኑን ነገረችው። እሱም ጠማማው ዐይኗ መሆኑን ነገራት። ተያይዘው ለኩት። ሳጥኑ ጠማማ ነበር። ኦሲ ምሳውን ትቶ አስተካከለውና ራሱ ተሸክሞ አወረደላት። በዓመቱ ተጋቡ። ኤልቫ ስታወራ፣ ያገባሁት ስለተሳሳተ አይደለም፣ ምሳውን ስለተወ ነው ትል ነበር።

ሁለቱን ጠዋትና ማታ የምታመላልሳቸው መርከብ ኪንዳራ ነበረች። ሞተሯ መሀል ወለሉ ላይ ክፍት በተተወ ጉድጓድ ውስጥ ስለነበር ማንም መንገደኛ ከላይ ሆኖ ያየው ነበር። ሦስት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። እንፋሎቱ ከቦይለሩ ትኩስ ሆኖ ይመጣና በትንሹ ሲሊንደር ይሠራል፤ ደከም ብሎ ሲወጣ መካከለኛው ይቀበለዋል፤ የቀረችውን ጉልበት ደግሞ ትልቁ ይጨምቃታል። አንድ እንፋሎት ሦስት ሥራ ይሠራል። መሐንዲስ ሳይሆን የቸገረው ቤት የፈለሰፈው ነው የሚመስለው፤ አንዱን የሻይ ቅጠል ሦስቴ የሚያፈላ ቤት። በክረምት እነ ኤልቫ መቀመጫ ቢኖርም አይቀመጡም፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ሙቀትና የዘይት ሽታ ፊታቸውን እንዲነካቸው ቆመው ነበር የሚሻገሩት። የግማሽ ከተማ ሕዝብ እንደዚያ ነበር ያደረገው።

ከዚያ የናፍጣ መርከብ መጣና ኪንዳራ ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጠች። ስንት ትውልድ ሥራ ያደረሰች መርከብ፣ ከተማው አንድ ቡሎን እንኳ ለማስታወሻ ላስቀር አላለም። ያን ጊዜ ንግግር አድርገው ያጨበጨቡትን ሰዎች ፊት አሁንም አስታውሳለሁ፤ አንዳቸውም በእሷ ተሳፍረው አያውቁም።

ሁለት ሰዎች ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንደኛው ኦሲ ነው። ሁለተኛው ላንስ ፐርቴል፣ በመርከቦቹ ጥገና ቤት ማሽን ገጣጣሚ የነበረ፣ ከጓሮው ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በእንፋሎት የሚሠሩ ትንንሽ ሞተሮች የሚገጣጥም የክበባችን አባል ነው። ክበባችን እሑድ እሑድ የሚሰበሰብ የእንዲህ ዓይነት ሰዎች ክበብ ነው፤ ሚስቶቻችን የከሰል ጥላሸት ማኅበር ይሉናል። ላንስና ኦሲ መርከቧ ሳትፈርስ ሞተሯን ለክተው፣ እያንዳንዱን ጫማ፣ ማለትም አሥራ ሁለቱን ኢንች፣ ወደ አንድ ኢንች አሳንሰው፣ የእውነት እንፋሎት የሚጠጣ አምሳያ ሊሠሩ ተስማሙ። ለማፍረሻው ዘበኛ ቢራ እየወሰዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገቡ ጀመር።

ሥራውን ተከፋፈሉ። ላንስ ከላይ ያለውን፣ ሲሊንደሮቹንና ከነሱ ጋር የተያያዘውን ለካ። ኦሲ ቀጭን ስለሆነ ከታች ገባ፤ ሞተሩ የተቀመጠበትን ትልቁን የብረት አልጋ፣ የሚሽከረከረውን ዘንግ፣ ዘንጉ የተኛባቸውን የናስ ኩሽኔታዎች፣ ምሰሶዎቹን ለካ። እዚያ ታች ጨለማ ነው፤ ያረጀ ዘይትና የባሕር ውሃ ተቀላቅሎ ተኝቷል። በጀርባው እየተንሸራተተ፣ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ይዞ ለክቶ ሲወጣ ቁጥሩን ከመርከቧ አግዳሚ በተነቀለ ጣውላ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ያኔ ማሳል ጀምሮ ነበር።

ሳሉ ከዚያ የመጣ አልነበረም፤ የዓመታት ነው። በማቅለጫውም ሆነ በየቦይለሩ ቤት፣ ቧንቧ የሚጠቀለልበት ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ሲቦን ይውል ነበር። አስቤስቶስ ነው። ጎጂ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያውቁ ነበር። ለሠራተኛው የነገሩት ግን ወተት እንዲጠጣ ነው። ወተት! ኦሲ መርከቧ ፈርሳ ሳታልቅ አልጋ ያዘ፤ የአምሳያውን አንዲት እንጨት ሳይቆርጥ ሞተ።

ላንስ ብቻውን ቀጠለ። መጀመሪያ ራሱ የለካቸውን ሲሊንደሮች ሠራ፤ ዐይን የሚያጠግቡ ነበሩ። ቀጥሎ በኦሲ ቁጥሮች አልጋውን ከወፍራም ብረት ቆርጦ ሞርዶ ጨረሰ። አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀበት። ምሰሶዎቹን አቁሞ ሲሊንደሮቹን ከላይ ሲያስቀምጥ ግን አልገጠመም። የመሀሉ ልክ ይቀመጣል፤ የዳርና የዳሩ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። የሁለቱ ድምር የክብሪት እንጨት ውፍረት ቢሆን ነው። በዚህ ሥራ የክብሪት እንጨት ማለት ገደል ነው፤ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ዘንጉ ይጣመማል። ተመልሶ እንዳይለካ መርከቧ የለችም። ቀልጣ ማን ያውቃል፣ የማን ቤት ቆርቆሮ ሆናለች።

በሚቀጥለው እሑድ ነገሩ ክበቡ ውስጥ ተወራ። ቨርን ስቴፕልፎርድ የሚባል፣ በከተማው ከሚገኙት የግል ቦይለሮች ምርጡን የሠራና ይህንንም ማንም እንዲረሳው የማይፈልግ አባል አለን። ያቺን የምጠላትን ቃል ጣል አደረገና፣ ኦሲ በመጨረሻው ጊዜ ዘበኛውን ሊያጠጣ የወሰደውን ቢራ ራሱ ሳይጠጣው አልቀረም አለ። ሳቁ። ላንስ አልሳቀም፤ ግን አልተከራከረም። የሌላ መርከብ ሞተር ፕላን ታትሞ ይሸጣል፤ ከወገቡ በታች በዚያ ልሠራው ነው አለ።

ወሬው ኤልቫ ዘንድ ለመድረስ ከእሑድ ወደ ሰኞ እንኳ መሻገር አላስፈለገውም። ሰኞ ጠዋት ላንስ ቆርቆሮ ቤት ደረሰች። እኔም አንድ ሞረድ ልዋስ ሄጄ እዚያው ነበርኩ፤ ሞረዱን ይዤ መውጣት ነበረብኝ፣ አልወጣሁም።

«ኦሲን ልትጥለው ነው አሉ» አለችው፤ ደህና አደርክም የለ።

«ኦሲን አይደለም ኤልቪ። ቁጥሮቹን ነው።»

«ሌላ ምን የቀረ ኦሲ አለ?»

ላንስ ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ጠርጎ አስቀመጣትና ሲሊንደሮቹ እንዴት እንደሚያዘነብሉ አሳያት። ጣውላዎቹንም አወጣ። የኦሲ ቁጥሮች ሁሉ የተሸራረፉ ናቸው፤ ሙሉ የሆነ ቁጥር የለም ማለት ይቻላል። «እይው እንግዲህ፤ አትጠምጂኝ» አላት። «የዚህ የናስ ኩሽኔታ ርዝመት አሥራ አንድ ኢንች ከሰባት ስምንተኛ ይላል። የትኛው ጤነኛ መሐንዲስ ነው እንዲህ የሚሠራው? አሥራ ሁለት ብሎ አይገላገልም?»

«ሞተሩ የስኮትላንድ ሥራ አይደል? ሰዎቹ ቋጣሪ ናቸው ይባላል፤ አንድ ስምንተኛዋን ቆጥበዋት ይሆናል።»

ላንስ ሳይወድ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ የተናገረችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ተሳስቶ ከሆነ የት እንደተሳሳተ አሳየኝ፤ ካሳየኸኝ እኔ ራሴ እጥለዋለሁ። በጅምላ ተሳስቷል የሚባል ነገር ግን አልቀበልም። ባሌ በጅምላ የሚሠራ ሰው አልነበረም።»

ወጥታ ሄደች። ከምሳ በኋላ የገበያ ጋሪዋን እየጎተተች ወደ ላንስ ቤት የሚያመጣውን ዳገት ስትወጣ አየናት። ጋሪው ውስጥ ድንች የሚመስል ከባድ ነገር አለ፤ ድንች ግን አልነበረም። ኦሲ ከመርከቧ ተሸክሞ ያመጣት፣ ከደቡብ የሚነሣው ነፋስ የጓሮ በሯን እንዳያላትመው ስትደግፈው የኖረች የናስ ኩሽኔታ ናት። በጣውላው ላይ የተጻፈችው ራሷ።

ኤልቫ ቤቷ ሆና ለክታታለች። «አሥራ አንድ ከሰባት ስምንተኛ» አለች ኩሽኔታዋን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለች። «ልክ ኦሲ እንደጻፈው። የተሳሳተው ያንተው ግማሽ ነው።»

ላንስ የብረት ማስመሪያውን አውጥቶ ለካ። አሥራ ሁለት ሆነ። ቅንጣት አላነሰ፣ ቅንጣት አልበለጠ።

«መነጽርህን አድርግ።»

«አድርጌያለሁ።»

«እንግዲያው አውልቀው።»

ከኮት ኪሷ የኦሲን ማስመሪያ አወጣች፤ ከሥራ ሽርጡ ያገኘችው፣ ዳርና ዳሩ በእጅ ብዛት የተላጠ የእንጨት ማስመሪያ ነው። ኩሽኔታዋ ላይ አጋድማ አሳየችው። አሥራ አንድ ከሰባት ስምንተኛ። ላንስ የራሱን አጋደመ። አሥራ ሁለት። ሁለቱም አስተማሪ እንደሚያፋጥጠው ተማሪ ራሳቸውን እያከኩ ደገሙት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ፤ እኔም በላንስ ስለካ ላንስ ልክ ሆነ፣ በኤልቫ ስለካ ኤልቫ ልክ ሆነች። ለእኔ ለገላጋዩ ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ላንስ ምን እንደታየው አላውቅም፤ ሁለቱን ማስመሪያዎች ወሰደና መነሻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጎን ለጎን አስተኛቸው። ቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ አብረው ሄዱ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተለያዩ። አሥራ ሁለቱ ላይ ሲደርሱ የኦሲ ማስመሪያ ከላንስ በልጦ ወጥቶ ነበር።

ላንስ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ።

የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ስለዚህ የቅርጽ አናጢ የሚሠራው እንጨት ከሚፈለገው ብረት ትንሽ መብለጥ አለበት። ሁልጊዜ እየደመረ እንዳይቸገር፣ ኢንቾቹ ከመጀመሪያው የተለጠጡ ማስመሪያ ይይዛል፤ ሲያዩት ከሌላው አይለይም። ለመሥራት የተበጀ ነው እንጂ የተሠራን ነገር ለመለካት አይደለም፤ በእሱ የተለካ ነገር ሁሉ አንሶ ይነበባል። ኦሲ ግን ዕድሜውን በሙሉ የያዘው እሱን ነበር። አናጢ ማስመሪያውን ከኪሱ የሚያወጣው አይቶ አይደለም፤ እጁ ነው የሚያወጣው። በዚያ ጨለማ ውስጥ እጁ የሚያውቀውን አወጣ። ዕድሜ ቢሰጠውና አልጋውን ራሱ ቢሠራ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይነቃበት ነበር።

ኤልቫ አሸዋ ስትጠቀጥቅ የኖረች ናትና ብረት እንደሚኮማተር ታውቃለች፤ ማስረዳት አላስፈለገም። «ስለዚህ ተሳስቷል» አለች።

«ተሳስቷል» አለ ላንስ። ጣውላዎቹን እየገለበጠ፣ ለእያንዳንዱ ጫማ አንድ ስምንተኛ ኢንች እየጨመረ በጠመኔ ወለሉ ላይ ይጽፍ ነበር። የተሸራረፉት ቁጥሮች አንድ በአንድ ሙሉ እየሆኑ ወጡ። እሱም ድምፁ እየተለወጠ ሄደ። «ግን እይ፣ ሁሉንም እኩል ነው የተሳሳተው። የትም ቦታ አልገመተም። እጁ ያልደረሰበት ጥግ እንኳ አንድ የለም። ሰካራም እንዲህ አይሳሳትም ኤልቪ። እንዲህ መሳሳት የሚችለው… » አልጨረሰውም። አፍንጫውን በዘይት ጨርቅ ጠረገና ፊቱን ጥቁር አደረገው።

እሷም ጠቆመችውና ሁለቱም ሳቁ፤ ይህኛው ደህና ሳቅ ነበር።

እኔ ትምህርቴን በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያነበብኩት ብዙ ነው፣ የታረምኩበት ግን ጥቂት ነው። ያን ቀን ታርሜያለሁ። ስሕተት ሁሉ አንድ ዘር አለመሆኑን፣ የሰነፍ ስሕተትና የታማኝ ሰው ስሕተት የተለያዩ መሆናቸውን ያሳየችኝ ኤልቫ ናት፤ በክርክር ሳይሆን በገበያ ጋሪ። አመሰግናታለሁ። በአደባባይ ያላመሰገንኳት እሷ በአደባባይ መመስገን ስለማትወድ ነው፤ አሁን ከመቃብሯ ተነሥታ አትቃወመኝም።

አልጋውን እንደገና ሠሩት፤ በዚህ ጊዜ ቆርጦ በመሞረድ ሳይሆን እንደ እውነተኛው በማፍሰስ። ላንስ የእንጨቱን ቅርጽ ያበጀው በኦሲ ማስመሪያ ነው፤ ማስመሪያው በመጨረሻ የተፈጠረበትን ሥራ አገኘ። አሸዋውን የጠቀጠቀችው ኤልቫ ናት። ከጦርነቱ ወዲህ አልነካችውም ነበር፤ ላንስ ዘይቱን ሊመጥንላት ሲነሣ እጁን መትታ መለሰችው። ጣቶቿ ያስታውሱ ነበር። አልጋው ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ምሰሶዎቹ ቆሙ፣ ሲሊንደሮቹ ተቀመጡ፣ ሦስቱም ቀጥ አሉ። ላንስ ዘንጉን በአንድ ጣቱ ገፋው፤ ዞረ። ኤልቫ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ሻይ አፈላች፤ ስኳር ረስታ አመጣች፤ ማንም ስኳር አልጠየቃትም።

በእንፋሎት የሚነሣበት ቀን የክበቡ የእንግዳ ቀን ሆነ። ላንስ በታመቀ አየር እንሞክረው አላለም፤ በእኛ ዘንድ በአየር ብቻ የዞረ ሞተር እንዳልተጠመቀ ይቆጠራል። ችግሩ የላንስ ቦይለር ለሦስት ሲሊንደር አቅም የለውም። ጠዋት ቨርን በጭነት መኪና መጣ። ያን የሚኮራበትን ቦይለር አወረደ፤ ማንም አልጠየቀውም።

ኤልቫ መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ልትል ነው ቨርን?»

«አይ፣ ውሃ ልሞላ ነው» አለ።

ቨርን ይቅርታ ከዚህ በላይ አያውቅም። እኔ ብሆን አልበቃኝም ነበር፤ እሷ ግን ባልዲውን አቀበለችው። እሱም ቀኑን ሙሉ ከከሰሉ አልተለየም፣ የሥጋ ፓይ ሲታደል እንኳ ቆሞ ነው የበላው።

እንፋሎቱ ሲደርስ ላንስ ቫልቩን ከፈተ። መጀመሪያ ሞተሩ ተፋ፣ አንጠባጠበ፣ አጓራ፤ ሲሊንደሮቹ እስኪሞቁ ነው። ከዚያ ትንሹ ገፋ፣ መካከለኛው ተቀበለ፣ ትልቁ ቀስ ብሎ፣ ትልቅ ሰው ከወንበር እንደሚነሣ ተነሣ። ዞረ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ትንፋሽ እንደሚተኙበት ክፍል። አንዳንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ላንስ አልጋው ላይ መዳፉን አሳረፈ፤ ኤልቫም አሳረፈች። አልተንቀጠቀጠም።

ትንሽ ቆይታ «አሁን መልሰው» አለችው።

ኪንዳራ ፊትና ኋላ አልነበራትም፤ ዳር ደርሳ ሳትዞር በሌላኛው አፍንጫዋ ነበር የምትመለሰው። ሞተሯም ወዲህም ወዲያም እኩል መሥራት ነበረበት። ላንስ ማንሻውን ወደ ሌላኛው ጎን ጣለው። ሞተሩ ቆመ፣ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፣ ወደኋላ መዞር ጀመረ፤ ያለ ምንም ማንከስ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውዬ፣ መርከቧ ከጠፋች ልኩን ከየት አመጣችሁት ብሎ ጠየቀ። ላንስ በጨርቁ አመለከተው። ከዚህ በላይ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ከዚህ በታች ኦሲ ክዌድ ነው አለው።

ሰውዬው ዙሪያውን የቆምነውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አየ። «ኦሲ የትኛው ነው?»

ላንስ ጨርቁን ማጣጠፍ ጀመረ። እኛም ዐይናችንን መሬት ላይ ጣልን።

«የታችኛው ነው» አለች ኤልቫ፣ መዳፏን ከአልጋው ሳታነሣ። «የተሸከመው።»

ከዚያ ላንስ ሞተሩን እንዳያቆመው በአገጯ ጠቆመችው፤ ቨርንም አንድ አካፋ ከሰል ጨመረ።